ለኤቫሪስት ያወጣሁት ትሪ

ፖንሽ የምንለውን መጠጥ አንዱ ለሌላው አይሠራም። እንግዳ ሲመጣ ትሪ ይወጣል፤ ትሪው ላይ ነጭ ሩም፣ የሸንኮራ አረቄያችን፣ ከነጠርሙሱ፣ ቡናማ ስኳር፣ ሎሚ፣ ቢላዋ፣ ማንኪያና ትንሽ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ የቤቱ እመቤት እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። መጠኑን የሚያውቀው ጠጪው ራሱ ነው። በሰው ብርጭቆ እጅ ማስገባት ሰውየውን «ሕፃን ነህ» ብሎ መስደብ ነው። እዚህ መንደራችን ግራን ሪቪዬር ወጉ እንዲህ ነው፤ በማርቲኒክ ደሴት ሁሉ እንዲህ ነው። በረዶ ሞልተው፣ የወረቀት ጃንጥላ ሰክተው ለቱሪስት የሚሸጡትን እኔ ከሰው አልቆጥራቸውም።

ሊዮንቲን እባላለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤትን ደጃፍ እንጂ ውስጡን አላውቅም፤ ሙዝ ስሸከም ነው ወገቤ የጎበጠው። ግን ሰው ፖንሹን ሲሠራ አንዴ ልየው፣ ጠባዩን ቁጭ አድርጌ እነግራችኋለሁ። ስኳር የሚያበዛ ሚስቱን ይፈራል። ሎሚውን ለሁለት ገምሶ ጭምቅ የሚያደርግ ችኩል ነው፤ አልጋ ላይም ችኩል ነው ይባላል፣ እሱን ሚስቱ ታውቃለች።

ኤቫሪስት እንዲህ አልነበረም። ከሎሚው ጎን የሳንቲም ያህል ቆዳ ብቻ፣ ሥጋው ነካ ያላትን፣ በአንድ ምት ይቆርጣታል። ስኳሩ ላይ ጨመቅ ያደርጋትና እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ይጥላታል። ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ሳይቸኩል ያማስላል። ከዚያ ሁለት ጣት ሩም። ከመጠጣቱ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል። ይህን ካየሁ አርባ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የትናንት ምሳዬን ግን ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ያኔ የእናቱ ቤት ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። አንድ እሁድ በእናቴ በረንዳ ላይ ፖንሹን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሊዮንቲን፣ ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አፌ ግን «እስኪ አየዋለሁ» አለ። ሁለተኛ እንዲጠይቀኝ ነበር የፈለግሁት። ገና በአንድ ጥያቄ ዘው የምትል ሴት ምን ትባላለች? እሱ ግን ሁለተኛ መጠየቅን ማን አስተማረው! በሳምንቱ ደቡብ ባለ የሩም ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። በዓመቱ ቄሱ ሊጋቡ ነው ብለው የሁለት ሰው ስም ሲያነቡ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንደኛው የእሱ ነው። ሌላው የእኔ አይደለም።

እኔ አላገባሁም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። ሦስት መጥተው ነበር፤ ሦስቱንም ፖንሽ ሲሠሩ አየኋቸውና በቃኝ አልኩ።

ዘንድሮ የሸንኮራ ቆረጣው በተጀመረ ሰሞን፣ ጎረቤቴ ዜልማ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ብቅ አለች። ዜልማ ወሬ ካላወራች ጥርሷን ያማታል።

«ሰማሽ? ኤቫሪስት መጥቷል።»

«የቱ ኤቫሪስት?»

«ውይ! የቱ ኤቫሪስት ትላለች! አንቺ ሴትዮ፣ አርባ ስድስት ዓመት በአንድ ስም ላይ ተጎልተሽ!»

«ምላስሽን ሰብስቢ። ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ሚስቱ ሞታለች። የእናቱን ቤት ሊሸጥ ነው። ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ዕቃውን ያወጣና ዋና ከተማው ፎር ደ ፍራንስ ሴት ልጁ ጋ ይገባል። ፎቅ ላይ! እዚያ ሆኖ የሰው ጣሪያ እያየ ሊሞት ነው።»

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቱን እንዳይሸጥ። ያግባኝ አላልኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ ነጭ ለብሼ ሰው አላስቅም። ፊት ለፊቴ ይኑር ብቻ። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ልስማው። ሲያስል ልስማው። እሁድ እሁድ በረንዳዬ ላይ ወጥቶ ሎሚውን ይቁረጥ። ይኸው ነው። ይህችን ለማግኘት ደግሞ በደጄ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ብቻ ነበረበት።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ትሪውን አወጣሁ። ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ወለወልኩ፤ ከዛፌ ላይ ቆዳቸው ልስልስ ያለ ሎሚዎች መረጥኩ። ተቀመጥኩ። ኤቫሪስት ከቤቱ ወጣ። ያው ራሱ ነው፤ ሸብቷል፣ ከሳ ብሏል፣ የሰሌን ባርኔጣውን አድርጓል። ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ፣ በግራው ዱላ ይዞ እንደ ከንቲባ ቀስ እያለ መጣ። በሬ ላይ ሲደርስ በአገጩ ሰላም አለኝ። እኔም በአገጬ መለስኩ። አለፈ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እጁ ኪሱ ውስጥ፣ አገጩን ነቅነቅ፣ ማለፍ። በእኛ መንደር ከበር የሚጣራው መጪው ነው፤ ተቀማጭዋ «ግባ» ትላለች። መንገደኛ ወንድ ጠርታ የምታስገባ መጠጥ ቤት ያላት ሴት ብቻ ናት። ስለዚህ አልጠራሁትም። ማታ ማታ ትሪውን ሳስገባ ሎሚዎቹን ፀሐይ መቷቸው ደርቀው አገኛቸዋለሁ፤ በማግስቱ ከዛፉ ሌላ እቀጥፋለሁ።

«ዛሬም አወጣሽው?» ትላለች ዜልማ ከአጥሩ ማዶ።

«ሻጋታ እንዳይዘው ነው የማናፍሰው።»

«ሰውዬሽ ደግሞ ሎሚዬን ጨረሰው። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ይወስዳል! አንድ ሎሚ ለስንት ብርጭቆ ይሆናል? አስቢው እንግዲህ። ይሄ ሰው የሩም ፋብሪካውን ሆዱ ውስጥ ይዞት ነው የመጣው።»

አሰብኩት። ብቻውን በሩን ዘግቶ ይጠጣል ማለት ነው። የእኔን በር አልፎ፣ የእኔን ትሪ አይቶ፣ ቤቱ ገብቶ ብቻውን። ተናደድኩ። ቢሆንም ትሪውን አወጣሁ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ዜልማ ነገ ልጁ በመኪና መጥታ ትወስደዋለች አለችኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ መኪናዋ ቆማለች። የእናቱ ተወዛዋዥ ወንበር ከላይ ታስሯል። ያን ወንበር በገመድ ታስሮ እግሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ሳየው ኩራቴን ዋጥኩት።

«ኤቫሪስት!»

መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከዜልማ ኩሽና የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማኝ።

«አቤት» አለ ከመኪናው ጎን።

«እግርህ የእኔን በር ረሳው? ወይስ የሞትኩ መስሎህ ለቀብር ነው የመጣኸው?»

«አልረሳውም።»

«እንግዲያ ግባ። ልጅህንም ይዘሃት ግባ፤ ፀሐይ ላይ አታቁማት።»

ልጁ ጊሌን ትባላለች። ከአርባ አልፏታል፤ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታለች፤ ሥርዓት ያላት ናት። «እማማ ሊዮንቲን፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

«ውሸትሽን ነው። አባትሽ ብዙ አያወራም።»

ሳቀች። ሁለቱም ተቀመጡ። የዳቦ ፍሬ፣ እንደ ድንች የሚበላውን የዛፍ ፍሬ፣ ምድጃ ላይ ጥጄ ትሪውን አወጣሁ፤ ወደ እሱ ገፋ አደረግሁና እጄን ሰበሰብኩ። ያኔ ኤቫሪስት ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ከኪሱ አወጣው። አውጥቶ ጭኑ ላይ አስተኛው። እጁ እዚያው እንደተኛ ቀረ።

ጊሌን ወደ ትሪው እጇን ዘረጋች። «አባዬ፣ እኔ ልሥራልህ።»

«ተይ!» አላት። ከተማ ያደገች ናት፤ ምን እንዳለችው አልገባትም።

ስኳሩን በግራ እጁ ብርጭቆው ውስጥ አደረገ። እስከዚያ ደህና ነው። ቢላዋውን አነሳ። ሎሚዋ ዞረች፣ ከትሪው ወደቀች፣ ደረጃውን እየነጠረች ወርዳ ሄደች። ሁለተኛዋን ሞከረ፤ እሷም አመለጠች። ግንባሩ ላይ ላቡ ወጣ። እኔ ወደ ባሕሩ አየሁ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ባሕር ማየት ነው ያለብን። እጆቼን ግን ቀሚሴ ሥር አስገብቼ ቁጭ ብዬባቸው ነበር፤ አለዚያ በራሳቸው ይሄዳሉ።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ ቢላዋውን አስቀምጦ። «አንድ ጠዋት ስነሳ ደም ግፊት ግማሽ ጎኔን መቶኛል። እግሬ ተመለሰ። እጄ አልተመለሰም።»

ወርጄ የወደቁትን ሎሚዎች ለቀምኩ።

«ትሪውን በየቀኑ አየው ነበር፣ ሊዮንቲን። መግባት ማለት ግን በፊትሽ ብርጭቆዬን መሥራት ነው። ቤት ገብቼ በግራ እጄ ስለማመድ ነበር። የዜልማን ዛፍ አራገፍኩት። አንዷን እንኳ በወጉ አልቆረጥኳትም።»

በቀን አሥራ ሁለት ሎሚ። እኔ ደግሞ ሰካራም ብዬው ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ብሠራለት ልጁ ያደረገችውን ስድብ መድገም ነው። ብተወው እስኪመሽ ሎሚ ሲያሳድድ ሊውል ነው። አንዷን ሎሚ አነሳሁና ትሪው ላይ በሁለት ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኳት። መያዝ ብቻ።

«ቁረጥ» አልኩት።

«ጣትሽን እቆርጥሻለሁ።»

«አሥር አለኝ። ቁረጥ።»

ቆረጠ። የድሮዋ ሳንቲም አልነበረችም፤ ወፍራም፣ ሥጋ የበዛባት፣ ጠማማ ነበረች። ራሱ ጨመቃት፣ ራሱ አማሰለ፣ ራሱ ሩሙን ቀዳ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳው። አነሳው!

ቀመሰና ፊቱን አኮሳተረ። «ሎሚው በዝቷል።»

«ማን ቆረጠው?»

«ያዢዋ ናት ያጣመመችው።»

«ያዢዋን ተዋት፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብላ ነው የያዘችው።»

ሳቀ። ሲስቅ አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ጊሌን ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች፤ ለምን እንዳዞረች አውቃለሁ። ያኔ፣ እየሳቀ ሳለ፣ «ቤቱን አትሽጥ» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። «አርብ ፈረምኩ።»

«የት?»

«ውል አዋዋዩ ጋ። በግራ እጄ።»

«ስንት ሰዓት?» አልኩ። ምን ያለ የማይረባ ጥያቄ ነው።

«አራት ሰዓት ላይ።»

አርብ አምስት ሰዓት ላይ በሬ ላይ አልፏል። አገጩን ነቅንቋል። እኔም ነቅንቄአለሁ። ትሪውም እዚሁ ነበር።

«ሐሙስ ብትጠሪኝ ኖሮ…» አለ።

«ሐሙስ ብትገባ ኖሮ…» አልኩ።

ጊሌን በለሆሳስ፣ «አባዬ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ብንሄድ» አለች። ኤቫሪስት እጁን ወደ ጠርሙሱ ዘረጋ። የመሰናበቻው ነው፤ እንግዳ ከመነሳቱ በፊት አንድ ጉንጭ ለመንገድ ይቀዳል። እሱን ሳይጠጣ የወጣ ሰው ተጣልቶ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን እኔ ነኝ ያለች ባለጌ እንኳ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ጠርሙሱን ከእጁ ሥር አነሳሁና ወደ ኩሽና ይዤው ገባሁ። ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

«ምን አጠፋን?» ትላለች ጊሌን ውጭ። «ተቀየሙን እንዴ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጭ» ይላታል አባቷ።

ከዚያ ዱላው በእንጨቱ ወለል ላይ ሲመጣ ሰማሁ። የኩሽናው በር ላይ ቆመ።

«ሊዮንቲን፣ ጠርሙሱን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ሳልሰናበትሽ እንዴት እሄዳለሁ?»

«አትሂዳ።»

ቃሉ ዘግይቶ ነው፤ ግን ከአፌ ወጣ።

«ቤት የለኝም እኮ አሁን።»

«የእናቴ ክፍል ባዶ ነው። መስኮቱ ወደ ባሕር ነው። በሩ ሲከፈት ይንጫጫል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

በሩን ተደገፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጊሌን ብቻዋን ናት» አለኝ። «ባሏ ጥሏት ሄደ፤ ልጆቿ ባሕር ማዶ ናቸው። ክፍሌን ቀለም ቀብታ ነው የምትጠብቀኝ። ቀለሙን ራሷ ነው የቀባችው። አሁን እዚህ እቀራለሁ ብላት እሺ ትላለች። እሺ ብላ ብቻዋን ትነዳለች።»

ሌላ ነገር ቢሆን አፌ አይሰንፍም። ልጅቱን ለመስደብ ግን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«እንግዲያ ሂድ» አልኩት። «ጠርሙሱን ግን አልሰጥህም።»

«ተጣልተው ተለያዩ ይላሉ።»

«ይበሉ።»

መጣና ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ወጣት ሳለን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። ከባድ እጅ ነው፤ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ስለሚሠራ ይሆናል። እጁ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሳ፤ ዱላው እንደመጣ ተመለሰ።

አልሸኘሁም። ጠርሙሱን አቅፌ የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ፤ ድልድዩን እስኪሻገር፣ ዳገቱን እስኪይዝ፣ ባሕሩ እስኪውጠው ድረስ። የዳቦ ፍሬው ምድጃ ላይ አርሮ ሲሸተኝ ነው የተነሳሁት። ለሦስት ሰው ነበር የጣድኩት።