ያልተላቀቀው ጥንድ

ደመቀች ያልሠራችውን ኃጢአት ተናዝዛ ነበር። የመጨረሻ ልጇ ዘርአ ዳዊት ዓይኑ ጠበብ፣ ምላሱ ከበድ ብሎ ሲወለድ የአንኮበር ሰው ጥፋቱን ከእሷ ፈለገ። የሰው አፍ መዝጊያ የለው፤ የቄስ ሚስት ስትሆንማ ሐሜቱ እጥፍ ነው። በመጨረሻ ለነፍስ አባቷ፣ እርጉዝ ሳለች ጾም ገድፋ መቁረቧን ተናገረች። ከቁርባን ታገደች፤ ጾምና ስግደት ተጫነባት። ለባሏ ለመምሬ ወልደተንሣኤም ራሷ ነገረችው። ቄስ ፈትቶ ሌላ አያገባምና ከቤት አላስወጣትም፤ ፊቱን ግን አዞረባት።

በ፲፱፻፶፭ ክረምት ልጁን ሳል ሲያጣድፈው በበቅሎ ደብረ ብርሃን ወሰዱት። ወጣቱ ሐኪም ደረቱን አዳመጠ፤ መዳፉንና ዓይኑን አገላብጦ አየና ወላጆቹን አስቀመጣቸው። የሰው ገላ ከአንዲት ቅንጣት ተከፍሎ ተከፍሎ እንደሚበዛ፣ በውስጧም ከእናትና ካባት የሚወረሱ ጥንድ ጥንድ ክሮች እንዳሉ አስረዳ። የእናት ዘር ወይም ያባት ዘር ሲዘጋጅ ጥንዶቹ ተያይዘው ይቆዩና ሰዓቱ ሲደርስ ይላቀቃሉ።

«አንዷ ጥንድ ሳትላቀቅ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሄዱ፤ ልጁ ትርፍ ክር ይዞ ተፈጠረ» አለ። «የማንም ኃጢአት አይደለም። መድኃኒት ግን የለውም።»

ለሳሉ መርፌ ወጋውና ሸኛቸው።

መንገድ ላይ መምሬ በቅሎዋን አቆመ። እፍረት ፊቱን አጥቁሮት ነበር። በእውነት ጾም ገድፈሽ ነበር ወይ ሲል ጠየቃት። አልገደፍሁም አለችው። ታዲያ ለምን ተናዘዝሽ አላት። ኃጢአት ከሆነ ይሰረያል፣ ሲሰረይ ልጄ ይድናል ብዬ ነው አለችው።

«ለነፍስ አባትሽ እነግራቸዋለሁ፤ ከግዝቱ ይፈቱሻል» አላት።

ደመቀች የልጇን ትኩስ ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ነፃ መውጣቷን የሰማችበት የሐኪሙ ቃል ተስፋዋን ይዞባት ሄዷል።

«እኔን ይፈቱኛል፤ እሱን ማን ይፈታዋል? አይንገሩ፣ መምሬ። ጾሜን ከነጠቁኝ ለልጄ የማደርግለት ምን ይቀረኛል?»

መምሬ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ጉዞ ቀጠለ። ዘርአ ዳዊት ጥቅምት ሳይጠባ ሞተ። ደመቀች በተዝካሩ ቀን ለሰው ሁሉ አቅርባ እሷ አልቀመሰችም፤ ባሏም ይህን እያየ ለነፍስ አባቷ ሳይነግር ቀረ።