የእማዬ ኩላሊትና የኔ ማሽን

እናቴ በአልትራሳውንድ ባለሙያነቴ ስትመካ የኖረች ሰው ናት። "ልጄ የሰው ሆድ ውስጥ ማየት በመስኮት እንደማየት ይቀላታል" ትላለች። ጎኑን የወጋው ጎረቤት ሁሉ ከሐኪም በፊት እኔ ጋ ይላካል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ የእሷ እግር አበጠ፤ ጫማ አልገባ አላት። የሽንት ምርመራው ፕሮቲን በብዛት እንደሚፈስ አሳየ። ራሴ አስተኝቼ፣ ጄሉን ቀብቼ አየኋት። ሁለቱም ኩላሊቶቿ መጠናቸው ልክ፣ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው። "እንከን የላቸውም፣ እማዬ" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

የኩላሊት ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ቅርጹን ነው የሚያሳየን። ደም የሚያጣሩት ጥቃቅን ክፍሎች እዚህ ላይ አይታዩም። በመርፌ ከኩላሊቱ ቅንጣት ወስደን በማይክሮስኮፕ ካላየን ምን መድኃኒት እንደምንሰጣቸው አናውቅም። ከዘገየን ደግሞ ኩላሊቶቻቸውን እናጣለን።"

እማዬ አሻፈረኝ አለች። "ልጄ አይታ እንከን የለውም ብላለች።"

"የኔ ማሽን ይሄን አያይም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ሰፈሩን ስታሞኚ ነው የኖርሽው?"

ቆሜ የራሴን እንጀራ አማሁ። ማሽኑ ቤቱን ከደጅ ነው የሚያየው፤ ግድግዳው ደህና ስለሆነ ውስጥ የታመመ የለም ማለት አይደለም አልኳት። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ልብስ ስናጣጥፍ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ ተናገረች። "መርፌው አይደለም የሚያስፈራኝ። ክፉ ነገር ከተገኘ አንዱን ኩላሊትሽን ትሰጪኛለሽ። አውቅሻለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። ካልታየ ግን ማንም አይነካሽም።"

ከእንባዬ እልኼ ቀደመ። "እንግዲያው ስሚኝ። ሳትታከሚ ቀርተሽ ኩላሊትሽ ከሞተ፣ ያን ጊዜ ነው የምሰጥሽ። የኔን ማትረፍ ከፈለግሽ ሄደሽ መርፌው ስር ተኚ።"

አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች። "ክፉ ነሽ" አለችኝ። "ቀጠሮው መቼ ነው?"

ሐኪሙ መርፌውን ሲያስገባ መንገዱን በማሽኔ ያሳየሁት እኔ ነኝ። "ትንፋሽዎን ይያዙ፣ እናቴ" ሲላት ሁለታችንም ያዝን።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረን። ማጣሪያዎቹ ታመዋል፤ ግን ገና ጠባሳ አልያዙም፤ በክኒን ሊድን የሚችል ዓይነት ነው። "ምስሉን ብቻ አምነን ብንቀመጥ ኖሮ አምልጦን ነበር" አለ።

እማዬ ስለ ክኒኑ ምንም አልጠየቀችም። እጇን ጎኔ ላይ፣ ከጎድን አጥንቴ በታች አሳረፈች።

"እንግዲህ" አለችው ሐኪሙን፣ "የልጄን የሚነካ የለም ማለት ነው?"

"ማንም አይነካትም፣ እናቴ።"

ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።