ልብስ ሰፊው ያስተካከለው ቁጥቋጦ

እናቴ ከመስኮቷ ሥር የተከለችው ቁጥቋጦ ላይ አበባ ካየን ሦስት ዓመት አልፏል። የእህቴ ባል ቅዳሜ ነቅሎት በቦታው የውሃ ታንከር ሊያቆም ወስኗል።

ዓርብ ከምሠራበት የሕክምና ላቦራቶሪ እንደወጣሁ ቁጥቋጦው ሥር ተንበረከክሁ። ቅጠሉ ረግፏል። ግንዶቹ አምና በወገብ ቁመት ላይ እንደ ጠረጴዛ እኩል ተቆርጠዋል። ጋሼ የምለው የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ እንደ ቀሚስ ጫፍ ያስተካክለዋል። ዘንድሮ ግን ሊነቅለው ስላሰበ አልነካውም። አምና ከተቆረጠበት በላይ አዳዲስ ቅርንጫፎች ረዝመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ወፋፍራም እምቡጦች አሉ። አንዱን በምላጭ ሰነጠቅሁት። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አበቦች ተጣጥፈው ተኝተዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ተክል ቅጠሉ ሳይረግፍ ነው እምቡጥ የሚቋጥረው። አንተ በየዓመቱ አበባውን ነው ቆርጠህ የምትጥለው።"

"ዶክተሬ መጣች!" ብሎ ሳቀ። "ሽንት መመርመር ሰለቸሽና እንጨት ጀመርሽ? ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ተንጋደደብኝ ያለኝ ሰው የለም።"

"ሱሪ ከተቆረጠ በኋላ አያድግማ!"

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው!" አለች እናቴ ከውስጥ። "አንተ ጨርቅህን ስፋ።"

ጋሼ ፊቱ ቀላ። "እሺ፣ የቀኙን ግማሽ እኔ እቆርጣለሁ፤ የግራውን ማንም አይነካም። ግራው ካላበበ ሁሉም ይነቀላል።"

ከዚህ የተሻለ ምርመራ እኔም አላዝም ነበር። መቀሱን ራሴ አቀበልሁት።

በስድስተኛው ሳምንት የግራው ግማሽ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። የቀኙ ቅጠል ብቻ አወጣ፤ ደግሞም ጫፉ ቀጥ ያለ ነበር። ጋሼ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግራና ቀኙን አስተያየ።

"ታዲያ መቼ ነው የሚቆረጠው?"

"አበባው እንደረገፈ። ያረጁትን ግንዶች ብቻ፣ ከመሬት አስጠግተህ። ሌላውን ተወው።"

ታንከሩ ጓሮ ቆመ። አበባው ሲረግፍ ጋሼ መጋዝ ይዞ በጉልበቱ ተንበረከከ።

"ያኛው አይደለም!" አለች እናቴ በመስኮቱ ወጥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ተንጠራርታ። "ወፍራሙ! ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀው! ዝቅ በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ከሥሩ!"

"እሺ፣ እማማ" አለ፤ ዝቅም አለ።