የታዬ ፉትታ

ሸዋንዳኝ ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ቂም መያዝ ግን ያውቅበታል።

በዓረብ ኤምሬቶቿ አጅማን ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች የከንዱራ፣ የዓረብ ወንዶች ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ መስፊያ ሱቅ ሁለት ሐበሾች ይሠራሉ። ሸዋንዳኝ የአንገት ጥልፍ ይጠልፋል፤ ታዬ ይተኩሳል። ሸዋንዳኝ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሱቁ ባለቤት፣ እነሱ አርባብ የሚሉት፣ በቅርቡ ሁለት የተንሻፈፈ አንገት አይቶ፣ «ሦስተኛ ካየሁ ቪዛህን አላድስም፤ ኸላስ፣ አበቃ!» ብሎታል።

አንገቱን ማን እንዳንሻፈፈው ሸዋንዳኝ አይጠፋውም። ታዬ ነው።

ታዬ ጠዋት ቡናውን አፍልቶ በፔርሙዝ ይሞላል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ነው። መጀመሪያ ማንኪያው፤ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ብርጭቆውን ይወግረዋል። ቀጥሎ ፉትታው፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ ጎርፍ ቱቦ ውስጥ ሲገባ የሚሰማ ዓይነት። ማሳረጊያው «እህህ!» ነው፤ ዳገት የወጣ ይመስል። በዚህች «እህህ» ላይ የሸዋንዳኝ መርፌ ትስታለች።

«አንተ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ብትጠጣው ያንቅሃል?»

«ጋሼ፣ ድምፅ የሌለው ቡና መድኃኒት ነው።»

«መርፌዬን እያሳትክብኝ ነው!»

«መነጽር ይግዙ እንጂ ጋሼ፣ የኔ ከንፈር ምን አደረገ?» አለና ሳቀ። ደገመው፤ ፉት።

 ሸዋንዳኝ ማክሰኞ ከሚኖርበት ከአል ናህዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ታዬ ሳይገባ መጣ፤ የታዬን የስኳር ቆርቆሮ ገልብጦ ጨው ሞላበት። ከዚያ መርፌውን ይዞ ቁጭ አለ። ከወር ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎት አያውቅም።

ቅጭል፣ ቅጭል። ፉት። ጸጥ አለ። ሸዋንዳኝ አንገቱን ሳያዞር ጆሮውን አቆመ። አሁን ይተፋል። አሁን።

«ጋሼ!» ታዬ ብድግ ብሎ መጥቶ ትከሻውን ሳመው። «ከእርስዎ ሌላ ማን አለ! የኢሉባቦር ልጅ መሆኔን ማን ነገርዎ? እኛ ቡና በጨው ነው ያደግነው። እዚህ ይስቁብኛል ብዬ ሰባት ዓመት በስኳር ስታሽ!»

ሸዋንዳኝ ጎንበስ ብሎ ጥልፉን ቀጠለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፔርሙዙ ሁለት ሆነ። ፉትታውም እጥፍ ሆነ።

ሐሙስ አርባብ መጣ። የልጁ የሠርግ ከንዱራ፣ ወተት የመሰለው፣ ሸዋንዳኝ ማታ ማታ ታዬ ከሄደ በኋላ የጠለፈው፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አርባብ ጎንበስ ብሎ የአንገቱን ጥልፍ በጥፍሩ ተከተለው። አንዲት ክር አልተዛነፈችም።

«ዘይን፣ ጥሩ ነው» አለ ሸዋንዳኝን። «ቅዳሜ ለቪዛው ፓስፖርትህን አምጣ።»

 ይህን ጊዜ ሸዋንዳኝ፣ ታዬ ብርጭቆ ቀድቶ፣ ከቆርቆሮው ለራሱ እንደሚያደርገው ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ለአርባብ ሲያቀብል አየው።

ተው ለማለት አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ታዬ ከጌታው ፊት ሲዋረድ፣ ያቺ ከንፈር ስትንቀጠቀጥ ታየችው። አፉን መልሶ ገጠመ። ይጠጣ።

አርባብ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዓይኑ ፈጠጠ። ፊቱን ወዴትም ሳያዞር ተፋው። ቡናው ከአንገት እስከ ደረት በነጩ ከንዱራ ላይ ፈሰሰ።

«ጨው! ይህን ማነው ያደረገው?»

ታዬ ግራ ገብቶት በቀና ልቡ መለሰ። «ጋሼ ሸዋንዳኝ ነው አርባብ፤ እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ።»

አርባብ ሸዋንዳኝን አየው። ቡና የሚንጠባጠብበትን አንገት በሁለት ጣቱ አነሣ።

«ሦስት» አለ፤ ወጣ።

ሸዋንዳኝ መርፌውን ከክሩ አላቅቆ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ከጀርባው፣ ታዬ አርባብ ያስቀረውን ብርጭቆ አነሣ፤ ብክነት አይወድም።

ፉት። «እህህ!»