የዥዋዥዌው አውጫጭኝ

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ በታች ባለችው ሮብ ገበያ፣ ካሣነሽ የምትባል በርበሬ ቸርቻሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን አመለወርቅን ይዛ ከገበያው ግርጌ ትኖራለች። አንደበቷ ስል ነው ይባላል እንጂ በሰው ላይ ክፉ አትሠራም፤ የጎረቤት ላም ብትጠፋ እንኳ ቀድማ ፍለጋ የምትወጣው እሷ ናት።

ጣልያን ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ለምክትል ወረዳው ዳኛቸው የሚባል ወጣት ገዥ ተሾመ። በመጣ ሰሞን በገበያ ቀን አንድ ሕፃን በአህያና በበቅሎ መካከል ሲጫወት በቅሎ ረግጣው እግሩ ተሰበረ። የዳኛቸው ልብ ተነካ። «የዚህች ከተማ ልጆች የሚቦርቁበት ሥፍራ ይኑራቸው» አለና ከገበያው በታች ያለውን ሜዳ በባሕር ዛፍ ችካል አሳጠረ። ከደብረ ታቦር አናጢ አስመጥቶ በሁለት ምሰሶ ላይ አግዳሚ አጋድሞ ዥዋዥዌ አሰቀለ፤ ዙሪያውንም የጽድ ችግኝ አስተከለ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ማንንም አልጠየቀም።

ልጆቹስ ደስ አላቸው። አመለወርቅማ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ዥዋዥዌው ትሮጥ ነበር። የተቸገሩት እናቶቹ ናቸው። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ያልፍ ነበርና አጥሩ ቆረጠው። ውሃ ቀጂ ሁሉ ከሜዳው ጎን ባለው ገደል አፋፍ መዞር ሆነበት። ሐምሌ ገብቶ መሬቱ ሲላቁጥ፣ ካሣነሽ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀች። እንስራው ተንኮታኮተ፤ ጉልበቷ ተላጠ። ቀሚሷን ጨምቃ ተነሣችና፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያያት፣ ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ ሄደች። ማለፊያ የሚሆናትን ያህል ችካል ነቀለች። የነቀለችውን ግን አልወሰደችም፤ ከጎኑ ደርድራ አስቀመጠችው።

በበነጋው የተደረደረው የለም። ቀዳዳው እየሰፋ ሄደ። አህያ ገብቶ ችግኙን ጋጠው፤ ማገዶ ያጠረው ሁሉ ሲያልፍ አንዳንድ ይነቅል ጀመር። በመጨረሻ የዥዋዥዌው ገመድ ተቆርጦ ተወሰደ።

«እማዬ፣ ዥዋዥዌውን ማን ቆረጠው?» አለች አመለወርቅ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ካሣነሽ። እውነቷን ነው፤ ቢሆንም የልጇን ዓይን ሳታይ በርበሬዋን መልቀም ያዘች።

ዳኛቸው እጅግ ተቆጣና መስከረም ሲጠባ አውጫጭኝ አስጠራ። የአካባቢው ሰው፣ ካህኑም ነጋዴውም ገበሬውም፣ በዚያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። በደለኛው ካልታወቀ ወደ ቤት መሄድ የለም። ያየ የሰማ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሌዎች ያንሾካሹካል፤ ነጋሪው ማነው ቢባል «ወፍ ናት» ይባላል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሽማግሌዎቹ አንዱን ጠርተው «ወፍ ምን አለችህ?» ሲሉት፣ «ምንም አላለችኝ» ይላል። የሚቀጥለውም ያው ነው። «አረሜን ጥዬ!» እያለ የሚያጉረመርመው በዛ። ለልጆቹ ግን ዓለማቸው ነበር፤ በተቀመጠው ሕዝብ መካከል ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ካሣነሽ በዓይኗ ልጇን ስትፈልግ፣ አመለወርቅ ከምሰሶው ሥር ቆማ ባዶውን አግዳሚ ሽቅብ ስትመለከት አየቻት። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም። ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«ወፊቱን አታድክሟት» አለች። «መጀመሪያ የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፣ «አንቺ? ምን አድርጎሽ?» አሏት።

«የውሃ መንገዴን ዘጋብኝ የኔታ። በአፋፉ ስዞር ወድቄ እንስራዬን ሰበርኩ። እንጨት አልሰረቅሁም፤ ዥዋዥዌውንም አልነካሁም። መንገዴን ግን ከፍቻለሁ።» ወደ ዳኛቸው ዞረች። «ጌታዬ፣ ለልጆቻችን ማሰብዎን እግዜር ይስጥልን። ግን ከማሳጠርዎ በፊት ‹በየት ነው የምታልፉ?› ቢሉን ምን ነበረበት?»

ዳኛቸው ዞሮ የገደሉን አፋፍ ተመለከተ። ገበሬው ይርጋ ብድግ አለ። «እኔም ለጥጃ ማሰሪያ ጥቂት ችካል ወስጃለሁ» አለ። የካሣነሽ ጎረቤት ዘነበች፣ «እኔም ለማገዶ» አለች። አንዱ አህያው እንደ ገባ፣ ሌላው እያየ እንዳላየ ማለፉን ተናገረ። ገመዱን የቆረጠው ብቻ፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

«ገመዱን ተዉት» አሉ የጨው ነጋዴው ሸሪፍ። «ለልጆቹ ከቤቴ ጠፍር አመጣለሁ፤ ከገመድ ይልቅ ይበረታል።»

መሪጌታ ሳቃቸው መጣ። «አቶ ዳኛቸው፣ በደለኛው አገሩ ሁሉ ሆነ። እንግዲህ ማን ማንን ይክሳል?»

ዳኛቸው ባርኔጣውን አውልቆ ከሰዉ መካከል ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ያደረገ ገዥ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። «እሺ፣ እናንተው ንገሩኝ፤ ሜዳው እንዴት ይሁን?» አለ።

ክርክሩ ያን ጊዜ ደራ። ሴቶቹ የውሃው መንገድ በዳር በኩል ይተውልን አሉ። ጎረምሶቹ የገና ጨዋታ የሚጫወቱበት ሥፍራ ሳይተከልበት እንዲቀር ለመኑ። ይርጋ በችካል ፈንታ የድንጋይ ካብ ይሻላል ሲል፣ «ድንጋይ አይነድማ!» አለችው ዘነበች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። በሳምንቱ ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ ድንጋይ ፈነቀሉ፤ ሴቶቹ ጠላ ጠምቀው መጡ፤ ሸሪፍ ጠፍሩን ራሳቸው አሰሩ፤ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ችግኝ ተከለ።

ጥበቃ አልተቀጠረም። አንድ የስማዳ ነጋዴ በቅሎውን ከምሰሶው ሊያስር ሲል፣ ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶች ተጯጩኸውበት ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

በኅዳር የካሣነሽ ፍየል ካቡን ዘላ ገባችና አንድ ጽድ ቀረጠፈች። ዘነበች ፍየሏን በጆሮዋ እየጎተተች ካሣነሽ ደጃፍ ድረስ አመጣቻት።

«አንቺ ካሣነሽ! ፍየልሽን እሰሪ! የበላችው የኔን ነው!»

ለወትሮው መልስ የማያጣት ካሣነሽ ፍየሏን አሰረችና ዶማዋን አነሣች። «ነይ፣ የት ላይ እንደ ነበር አሳዪኝ» አለቻት። ተያይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ፤ አመለወርቅም ውሃ በቅል ይዛ ተከተለቻቸው።