ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ የወርክሾፑን በር በእርግጫ ሲከፍተው ማጠፊያው ከነብሎኑ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በሩ ግን አልተቆለፈም ነበር። እጀታውን ቢያዞረው ይከፈትለት ነበር፤ ሰውየው ከልጅነቱም ለበር ትዕግሥት የለውም።

«ሞተ አሉ» አላት።

ለአፍታ ስለ ባሏ የሚያወራ መሰላት። ባሏ በመኪና አደጋ ካረፈ አምስት ወር አልፎታል፤ ይህን ቃል ስትሰማ ግን አሁንም ሌላ አይታሰባትም። ዓይኑን ተከትላ ስታይ የሚያየው ፍሬዛውን ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚፍቀውን፣ ከሰው የሚረዝመውን ማሽን። አሥራ አንድ ዓመት ባልና ሚስቱ የወፍጮና የፓምፕ ጥርስ ቆርጠውበታል። እሷ ትነድፋለች፤ ባሏ ብረቱን አስሮ ይቆርጣል። እሱ ከሄደ ወዲህ ሁሉንም እሷው ይዛዋለች፤ ጉሮሮዋን የምትደፍንበት ሌላ ሥራ የላትም።

«ማሽኑ ደህና ነው። የተቃጠለው የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ነው።»

«ጭንቅላቱ የሞተ ሰው ደህና ነው ይባላል እንዴ፣ ኢንጂነሯ?»

ወደ ማሽኑ ሲራመድ ፊቱ ቆመች። የልብሷን አንገት ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ከመደርደሪያው ላይ የብሎን ሳጥን ወርዶ ተበተነ። ሊደግማት ሲል አሮጊቷ አማቷ ከጓሮው ቤት በነጠላ ጫማ ሮጠው ደረሱና የገዛ ልጃቸውን ጀርባውን በከዘራ ዠለጡት።

«የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ ሚስቱን ልትገድል ነው?»

ከዚያ ሁለቱንም አስቀምጠው ፈረዱ። ቤቱ የእሳቸው ነውና ቃላቸው አይታጠፍም። «እስከ ሐሙስ ካስነሳሽው ማሽኑ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም። ካልተነሳ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ብረቱን እሱ ይሽጠው።»

«ሐሙስ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ ዋርሳዋ ጀርባውን እያሻሸ።

ችግሩ ማዘርቦርድ ማግኘቱ አልነበረም፤ ማዘርቦርድማ ሞልቷል። ማሽኑ ትእዛዝ የሚቀበለው ሃያ አምስት እግር ባለው ወፍራም ኬብል ነው፤ ኬብሉ የሚሰካበት ፓራለል ፖርት ደግሞ ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ጀርባ ከጠፋ ቆይቷል። ያገለገለ ማዘርቦርድ ገዝታ ሞክራ ነበር፤ ገና ኃይል ሲያገኝ ጢስ አወጣ። የምትፈልገው አዲስ ሆኖ አሮጌውን የማይንቅ ነው።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ኬብሉን በቦርሳዋ ይዛ በኮምፒውተር ሱቆች ስትንከራተት ዋለች።

«እህቴ፣ ይሄማ ሙዚየም ነው የሚገባው» አላት አንዱ።

ሌላው ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር አጭር ገመድ ዘረጋላት። «ይኸው፤ ተገላገልሽ።»

«ይሄ ለፕሪንተር ነው፣ ወንድሜ። ፕሪንተር ይጠብቃል። የኔ ማሽን አይጠብቅም፤ ትእዛዙ ለቅጽበት ከዘገየ የሚቆርጠውን ያበላሻል።»

«እንግዲያው አንቺ የሚያስፈልግሽ ጠንቋይ ነው።»

የመጨረሻው ሱቅ ባለቤት መነጽራቸውን በላስቲክ ያሰሩ፣ ሰፈርተኛው «ፕሮፌሰር» የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«አዲስ ማዘርቦርድ ከነአሮጌ ፖርቱ?» አሏት ከብየዳቸው ቀና ሳይሉ። «አዲስ ሙሽራ ከነልጅ ልጆቿ አትዪኝም?»

«ካርቶኖቹን ልያቸው፣ አባቴ።»

«እዪ። ለማየት አላስከፍልም።»

አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። የሁሉም ጀርባ ባዶ ነው። ስምንተኛው ላይ ግን፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ በሁለት ረድፍ የቆሙ መርፌ የመሰሉ እግሮች አየች። በጣቷ ጫፍ ቆጠረቻቸው፤ አንዱ ቦታ ባዶ ሆኖ ሃያ አምስት ናቸው። ከጎናቸው በነጭ ጥቃቅን ፊደል የአሮጌው ፖርት መጠሪያ ተጽፏል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ጉድ! ከጀርባው ነቅለው ሆዱ ውስጥ ደብቀውታል እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ አቅፌው ተኝቻለሁ!» ከእግሮቹ ወደ ኬብሉ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ገመድ ፈልገው ጨመሩላትና፣ ሲያቀብሏት ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ከንፈርሽን ምን አገኘው?»

«በር መታኝ።»

«የሰፈራችሁ በር እጅ አለው ማለት ነው» አሉ፣ ወደ ብየዳቸው እየተመለሱ።

ማክሰኞ ገጠመችው። ባሏ ሁልጊዜ አስቀድሞ የማሽኑን ኃይል ይከፍታል፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፣ እጁን አስገብቶ ብረቱን ያስራል። «ደቂቃ ከሰማይ አይወርድም» ይል ነበር። ወንድሙንም ያስተማረው እንደዚሁ ነው። እሷም በዚያው ልማድ ማሽኑን ከፈተች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ የሚታሰረውን ብረት ከወለሉ ለማንሣት ጎንበስ እንዳለች መቁረጫው በራሱ ተነሥቶ ጮኸ። ስክሪኑ ገና ጥቁር ነው። ስምንት ሰከንድ ያህል ዞሮ ቆመ። ብረቱ ወለል ላይ ባይሆን ኖሮ እጇ እዚያ ውስጥ ነበር።

እጇን አርቃ ደጋግማ ሞከረችው። አዲሱ ማዘርቦርድ ገና ሲነቃ፣ ፕሮግራሙ ሳይከፈት፣ በፖርቱ እግሮች ሁሉ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ማሽኑም ዙር የተባለ ይመስለዋል። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ከተጫነ በሦስተኛው ሰከንድ መቁረጫው ይዞራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ይቅደም፣ ማሽኑ ይከተል። ለማንም አልነገረችም፤ የሚነገረውም ሰው አልነበረም።

ረቡዕ የአንድ ትልቅ የወፍጮ ባለጥርስ መዘውር ሥራ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ቆርጣ፣ መቁረጫው እንዲቀዘቅዝ ሁሉንም አጥፍታ ሳለ ዋርሳዋ የብረት ዘንግ ይዞ ገባ። ገመድ የያዘ ሹፌር ተከትሎታል።

«ቀኑ ነገ ነው» አለች።

«ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ነገማ ተነሥቷል ልትዪ ነው።»

«ተነሥቷል እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ከጠረጴዛው ላይ ሞረድ አንሥታ በማሽኑ ፊት ቆመች። ሲቀርባት ሰነዘረች፤ የሞረዱ ጫፍ ጉንጩን ከጆሮው እስከ አገጩ ተረተረው። እሱም ዘንጉን አወረደባት። የግራ አንጓዋ ሲሰበር ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማችው። ከማሽኑ እግር ሥር ተዘረረች።

«የመቁረጫው ጭንቅላት ወደ ታች ካልወረደ በበሩ አያልፍም» አለ ሹፌሩ፤ ወደ ወደቀችው ሴት ላለማየት ማሽኑን ሽቅብ እያየ።

«አውቃለሁ። የሚወርደው በኮምፒውተር ነው። ወንድሜ ጋ ስንት ዓመት የሠራሁ ነኝ!» ደሙን በክንዱ ጠረገና የማሽኑን ኃይል ከፈተ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ…» አለች።

ጎድኗን ረገጣት። «ዝም በይ! ትንፍሽ ብትዪ ሌላውንም እሰብረዋለሁ!»

የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ፣ የታሰረውን ብረት ሊፈታ ሁለት እጁን ከመቁረጫው ሥር አስገባ።

ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ከራሷ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ጤነኛው እጇ ይደርስበታል። አንድ፣ አለች በልቧ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሁለት። ከኋላ ሲያዩት አንገቱ ቁርጥ የወንድሙ ነው። ሦስት።

መቁረጫው መጀመሪያ እጅጌውን ጠቀለለ፤ እጅጌው እጁን ጎተተ። ብረት ሲቆርጥ ከሚጮኸው ያነሰ ነበር ድምፁ። ደሙ ስክሪኑን፣ ግድግዳውን፣ ፊቷን ረጨው። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዩን ቁልፍ የመታችውም ያኔ ነው።

ሐሙስ አማቷ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ መጡ። እሷ በጀሶ የታሰረ አንጓዋን አቅፋ ከማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«ቀኝ እጁን ቆረጡት» አሉ ቆመው። «ሹፌሩ ደግሞ ነገረኝ። ማቆሚያው አጠገብሽ ነበር አለኝ።»

«ነበር።»

«እንደሚዞር ታውቂ ነበር?»

ዝም በይ ብሎኝ ነበር ልትል ትችላለች። ውሸት አይደለም፤ ጎድኗ ምስክር ነው።

«አውቅ ነበር፣ እማዬ» አለች።

አማቷ ከዘራቸውን አንሥተው ትከሻዋን መቷት። ደገሙ። አልሸሸችም፣ ክንዷንም አላነሣችም። በሦስተኛው ከዘራው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ፤ እሳቸውም የማሽኑን ጠርዝ ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«እማዬ አትበይኝ» አሉ። «ቃሌ ቃል ነው። ተነሥቷልና ማሽኑ ያንቺ ነው። ግን እሱ እንግዲህ እጅ የለውም። ከዚህ ብረት የሚበላው አፍ ሁለት ሆኗል፤ እስክትሞቺ ድረስ።»

«እሺ።»

«ይሄ የታሰረው ስንት ጥርስ ይቀረዋል?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

አሮጊቷ ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነሡ። ጎንበስ ብለው በማሰሪያው ላይ የደረቀውን የልጃቸውን ደም መፈግፈግ ጀመሩ።

«ስጨርስ ቁረጪው» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።