ተረፈችን ያመኑ እናት

ላሊሴ ሰበታ ስትደርስ ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። መርዶ እንዲህ በማለዳ ነው የሚነገረው። ከግንባር ከተመለሰች ወዲህ ብትተኛም ብትነሳም ያው ድካም ነው። ነገሳ የተባለ ወታደር ሲቀበር አጠገቡ ነበረች። “ካልተመለስኩ ለእናቴ አንቺ ንገሪያት፤ በጣም ነው የምትወድሽ” ብሏት ነበር።

በነገሳ እናት በር ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ዲሪርሳ ከጎረቤቶች ጋር ጠበቋት። “መርዶውን እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ። አንቺ ያየሽውን ትመሰክሪያለሽ” አሏት።

እናትየው ደጊቱ በሩን ሲከፍቱ ከሁሉ በፊት ያዩት እሷን ነው። “ተረፈች! አካም ቡልቴ! እንዴት አደርሽ! ነይ ግቢ!”

ተረፈች ላሊሴ ድሮ በተወነችበት የቴሌቪዥን ድራማ የነበራት ስም ነው። ላሊሴ የውሸት ለቅሶ አንገሽግሿት፣ እውነት ተናግሬ ልታመን ብላ ትወናውን ትታ ጦርነት ዘጋቢ ከሆነች ቆየች። ሰዉ ግን ወይ ፍንክች፣ ዛሬም ተረፈች ነው የሚላት።

“ደጊቱ፣ ጠንከር በይ” አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። “ነገሳን እግዜር ወሰደው።”

ደጊቱ አልጮኹም። ላሊሴን ትክ ብለው አዩዋት። “ያንቺንም ባል ሞተ ብለው አርድተውሽ ነበር። በኋላ መጣ አይደል?”

“እማማ፣ እሱ ድራማ ነው። ነገሳን ሲቀብሩት እዚያው ነበርኩ።”

“ታዲያ እንባሽ የታለ? ለዚያ ባልሽ አገር ምድሩን አስለቅሰሽ የለ? ለልጄ ዓይንሽ ደረቅ ነው። አልሞተም ማለት ነው!” አሉና ፊታቸው በራ። “በሉ ግቡ፣ ቁርስ ላቅርብ።”

ላሊሴ ብዙ ሬሳ ከማየቷ የተነሳ እንባዋ እንደነጠፈ ለእናት እንዴት ትናገር? እንዲሁ ጥላቸው ብትሄድ ደግሞ እኚህ ሴት ባጃጅ በቆመ ቁጥር በር ሲከፍቱ ሊኖሩ ነው።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። የድራማው አዘጋጅ ድሮ እንዳስተማራት ትንፋሿን ያዘች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ አንድ ቦታ ላይ ተከለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “ወይኔ ነገሳ!” ብላ በተረፈች ድምፅ ጮኸች።

የደጊቱ ፊት ጠቆረ። “ኢልማ ኮ! ልጄን!” እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ጎረቤቶቹ ደገፏቸው።

ከብዙ ለቅሶ በኋላ የላሊሴን አንገት አቅፈው፣ “አሁን አመንኩሽ” አሏት።

ላሊሴ ጦር ሜዳ ድረስ የሄደችው ይህን ቃል ሰው እንዲላት ነበር። ስትሰማው አፈረች።